አጋሮ ላይ የደረብኩት ጋቢ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለቅሶ ቤት ስቀመጥ እንኳ ጣቶቼ አያርፉም። ድንኳን ውስጥ ማይክ ሲያፏጭ ቀኝ እጄ ጉልበቴ ላይ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ የሌለ ቁልፍ ይቀንሳል። ባለቤቴ ታየኝና እጄን ያዝ አድርጋ "ተወው፣ ያንተ አይደለም" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ግን የእኔ ነበር። ጅማ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ አንዱ ማይክ ከያዘ፣ የሚሰማውም የማይሰማውም በእኔ ጣት ነበር የሚያልፈው።

በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ የሥራ መደቤ "የድምፅና መብራት ቴክኒሻን" ይላል። መብራቱን እንርሳው። የባህል አዳራሹ የድምፅ ሠራተኛ ነበርኩ። ስሰናበት የተሰጠኝ የምስጋና ወረቀት አንድ ገጽ፣ ያስረከብኩት የዕቃ ዝርዝር ሦስት ገጽ ነበር። የጎደለ ዕቃ አልተገኘብኝም፤ ፈርመው አሰናበቱኝ። እኔ ግን የማውቀው አንድ የጎደለ ነገር አለ። ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ነው። ሥራው ጥሩ ነበር፣ ደስ ይል ነበር ብዬ ለማስጎምጀት አይደለም። ደስ የሚለውንም ቢሆን ያ የአጋሮ ከሰዓት በኋላ አበላሽቶብኛል።

ሥራ የገባሁት የደርግ ዘመን ሊያበቃ ሲል ነው። ሄርማታ ገበያው አጠገብ ራዲዮ መጠገኛ ቤት ስሠራ፣ የአዳራሹ አምፕሊፋየር ተቃጥሎ የዚያን ጊዜው የድምፅ ሠራተኛ አባ ዱራ አሸክመው አመጡት። የመዝገብ ስማቸው ከማል ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚያውቃቸው ግን አባ ዱራ ብሎ ነው። ጠገንኩላቸው። ሲበራ ጆሯቸውን ማሽኑ ላይ ለጥፈው ብዙ ቆዩና "ሰው ሲያወራ ትሰማለህ ወይስ ያንተን ተራ ነው የምትጠብቀው?" አሉኝ። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። በሳምንቱ አዳራሹ ቀጠረኝ።

አባ ዱራ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሥራ ላይ ጫት የማይነኩ ሰው ነበሩ፤ ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ የድምፅ ሠራተኛ ያኔም አሁንም ብርቅ ነው። ዝግጅት ካለ ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ እያጨበጨቡ ይዞራሉ፤ ጭብጨባው የትኛው ጥግ ላይ እንደሚያስተጋባ፣ የት ላይ እንደሚሞት ያዳምጣሉ። ከዚያ በራፉን አልፈው አጥሩ ጋ ይሄዱና መግባት የማይችል ሰው ቆሞ የሚያዳምጥበት ቦታ ላይ ይቆማሉ። እዚያ ያለው ካልሰማ አልሠራንም ማለት ነው ይሉኝ ነበር። አንድ ድምፅ ሲጠፋባቸው እሱን አይጨምሩም፤ ሌላውን ይቀንሱለታል። ይህን ለመማር ብቻ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ማይክ ሲሞክሩ እንደ ሰዉ ሁሉ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" አይሉም። የሰው ስም ነው የሚጠሩት። "ሰፊያ፣ ጳውሎስ፣ ፋጡማ፣ ጫልቱ" እያሉ የሚያውቁትን ሰው ሁሉ ያነሳሉ። ቁጥር ለጆሮ ምንም አይነግረውም፤ ስም ውስጥ ግን የሚያፏጨውም የሚፈነዳውም ፊደል አለ፤ ማይኩ ሰፊያን ሳያፏጭ፣ ጳውሎስን ሳያፈነዳ ካሳለፈ ሌላው ቀላል ነው ይሉ ነበር። አዳራሹን የሚያጸዱት ሴቶች ስማቸው በትልቁ ስፒከር ሲጠራ መጥረጊያቸውን ይዘው ቀና ይሉና ይስቃሉ። አባ ዱራ ያንን ሳቅ ይወዱት ነበር መሰለኝ፣ ማይኩ ከተስተካከለ በኋላም ሁለት ሦስት ስም ይጨምራሉ። እሳቸው ካለፉ በኋላ እኔ ወደ ቁጥር ተመለስኩ። ስም መጥራቱ አሳፈረኝ።

ያስተማሩኝ የመጨረሻው ጥበብ "ጋቢ መደረብ" ይባላል። ስሙን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ሥራውን ግን በዚያ ዘመን ማይክ የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያኔ አንድ ስንኝ ዘፋኝን ሊያሳስር ይችላል። የፊት ወንበር ላይ ካድሬዎች ይቀመጣሉ፣ አንዳንዱ ማስታወሻ ይይዛል። ስለዚህ አባ ዱራ ዘፈን ሲዘፈን መድረኩን አያዩም፤ የሚያዩት የፊት ወንበሩን ነው። ዘፋኙ ስንኙ እንዳስፈራው ሲሰማው የማይኩን ዘንግ በግራ እጁ ዝቅ አድርጎ ይይዛል፤ ምልክቱ ይኸው ነው። ያኔ አባ ዱራ ማይኩን ጥቂት ይቀንሳሉ፤ ብዙ ከቀነሱ ይታወቃል። ኦርጋኑን ከፍ ያደርጋሉ፣ ኢኮ ይጨምራሉ። "ድምፁ ይኑር፣ ቃሉ ይጥፋ" ነበር ትምህርቱ። ሰዉ ማሽኑ አርጅቷል ይላል። ዘፋኙ ቤቱ ያድራል። አንድ ጎልማሳ ዘፋኝ በማግስቱ መጥቶ ጉልበታቸውን ሲስም አይቻለሁ።

ሕጉ አንድ ብቻ ነበር። ዘፋኙ ካልጠየቀ ጋቢ አይደረብም። ይህን ደጋግመው ነግረውኛል። በሽተኛ ሆነው አልጋ ላይ ሳሉም ነግረውኛል፤ እኔም እሺ ብያቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ብዙ አላወራም። አለቃ መጣ፣ አለቃ ሄደ። አንደኛው ድምፅ የሚለካው በመስኮት መንቀጥቀጥ ነበር፤ መስታወቱ ካልተርገበገበ ሠራህ አይለኝም። ሌላው ደግሞ የራሱ ንግግር ላይ ኢኮ እንዲጨመርለት ይለምነኝ ነበር። ምረቃ፣ ስብሰባ፣ ሠርግ፣ የቡና በዓል ሠራሁ። ሰቃ፣ አጋሮ፣ ሊሙ፣ ጌራ፣ የቡና ከተማ የተባለ ሁሉ ስፒከር ጭኜ ሄጃለሁ። መንግሥት ተለወጠ፤ የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ተለወጠ። የፊት ወንበሩ ግን እዚያው ነው፤ የእኔም ዓይን ከዚያ አልተነሳም። የማይኩን ዘንግ በግራው የሚይዝ ዘፋኝ ከጠፋ ቆይቷል። እጄ ግን ማንም ሳይጠይቀው መሄድ ለምዶ ነበር። ለሰው ያሰብኩ ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም ይህን ሳደርግ በራሴ እኮራ ነበር፤ እግዚአብሔር ይይልኝ።

ሰአዳን ያወቅኳት ተማሪ ሆና ነው። የትምህርት ቤቶች የዘፈን ውድድር ነበር። ማይኩን ለረጃጅሞቹ ልጆች አስተካክዬው ስለነበር አጫጭሮቹ ሁሉ አንገታቸውን እየመዘዙ ዘፈኑ። እሷ ተራዋ ሲደርስ ከመድረኩ ወርዳ፣ ሰዉን ሁሉ አቋርጣ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣችና "ጋሼ፣ ዝቅ ያድርጉልኝ፤ እኔ አልንጠራራም" አለችኝ። ያን ቀን ሁለተኛ ወጣች። ለእኔ አንደኛ ነበረች።

ከዚያ አዲስ አበባ ሄደች፣ ታወቀች። አንድ ቀን ጊንጆ ሰፈር አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ቴሌቪዥን ላይ ባያት አላወቅኳትም። ዘፈኗን የሚያሳትምላት ሰው ግጥሙንም ልብሱንም ፈገግታውንም መርጦላት ነበር። ስሟን እንኳ አሳጥሮ ሌላ አድርጎታል። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ወጣቶች በዘፈኑ ይወዛወዛሉ፤ እኔ ሆድ ባሰኝ።

ጡረታዬ ሊደርስ ሲል ከአሳታሚዋ ተለየች ሲባል ሰማሁ። ግጥሙን ራሷ ጽፋ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ፣ በራሷ አሳትማ ኮንሰርት ይዛ ወደ አገሯ መጣች። ጅማ ላይ ተጀምሮ በሰቃ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በጌራ የሚዞር ኮንሰርት ነው። ፖስተሩ ላይ ሙሉ ስሟ ተጽፏል፤ ከሥሩ "በስሜ" የሚል ርዕስ። መሥሪያ ቤቴ መጥታ ለዙሩ በሙሉ እኔን ጠየቀች። አለቃዬም ፈቀደ፤ ሊሰናበት የደረሰ ሰው ምን ይሠራለታል።

ልምምዱ ጊንጆ ነበር፣ የአንድ እንጨት ቤት ጓሮ ተከራይታ። የመጀመሪያው ቀን ከሁሉ ለየት አድርጋ አስቀመጠችኝና እንዲህ አለችኝ። "ልብሴን ራሴ መረጥኩ፣ ግጥሙን ራሴ ጻፍኩ። አሁን የቀረኝ እርስዎ እጅ ላይ ያለው ብቻ ነው። ያልኩት ሁሉ ይሰማልኝ ጋሼ፤ ቢያምርም ባያምርም።"

ቃል ገባሁላት። በጊዜው የምዋሽ አልመሰለኝም።

ከዘፈኖቹ ውስጥ "ሃያ ሦስት" የሚባል አለ። እናቷ ወይዘሮ ከዲጃ አጋሮ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ነበሩ። ሴቶቹ ረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። አግዳሚው ላይ የየመቀመጫው ቁጥር በቀለም ተጽፏል፤ ተቆጣጣሪውም ባለቤቱም ሴቶቹን የሚጠሩት በዚያ ቁጥር ነው። ወይዘሮ ከዲጃ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሃያ ሦስት ነበሩ። አንዴ ሰአዳ ልጅ ሆና ምሳ ልታደርስ ሄዳ እናቷን በስማቸው ብትጠይቅ፣ በር ላይ ያለው ሰው እንዲህ የምትባል ሴት እዚህ የለችም ብሎ መለሳት። ዘፈኑ ይህን ይተርካል። መጨረሻው ላይ ከበሮውም ጊታሩም ዝም ይላሉ፤ ኪቦርዱ አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻ ይዞ ይቆያል፤ እሷም በእናቷ አግዳሚ ላይ የነበሩትን ሰባት ሴቶች አንድ በአንድ በሙሉ ስማቸው ትጠራለች። የመጨረሻዋ ከዲጃ ናት።

እናትየው የልጃቸውን ዘፋኝነት አልወደዱትም። መድረክ ላይ አይተዋት አያውቁም፤ ቴሌቪዥን ላይ ስትመጣ ያጠፉታል ይባላል። ሰአዳ ከልምምድ መልስ በየቀኑ ትደውልላቸው ነበር። አንድ ቀን ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረችና እያለቀሰች ሳቀች። ሃርሜ እሺ አለችኝ አለች፣ እናቴ ማለቷ ነው። አንዴ ብቻ እመጣለሁ፣ ስሜን ስትጠሪ ልስማ ብለዋታል። የአግዳሚ ጓደኞቻቸውንም ይዘው ነው የሚመጡት። ዙሩ በሙሉ ለእሷ ከዚያ በኋላ አጋሮ ነበር።

ጅማ ላይ ዘፈኑ ሲያልቅ ሰው ቆሞ አለቀሰ። ሰቃ ላይ ከኋላ የቆሙ ሴቶች የራሳቸውን ስም እየጮሁ ጨመሩበት። ምንም ክፉ ነገር አልገጠመንም። እኔም በሁለቱም ቦታ እጄን አላንቀሳቀስኩም፤ የፊት ወንበር ላይ የሚያስፈራ ሰው አልነበረማ።

አጋሮ ላይ ሴቶቹ በጊዜ ቤታቸው እንዲገቡ ተብሎ ዝግጅቱ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ተጀመረ። የትምህርት ቤት ሜዳ ነው። ወይዘሮ ከዲጃና ጓደኞቻቸው ከመድረኩ በስተግራ፣ ስፒከሩ ፊት ተደርድረው ተቀመጡ፤ ሰአዳ ራሷ ናት ቦታውን የመረጠችላቸው። እናትየው አዲስ አረንጓዴ ሻሽ አስረዋል። ሁለት ዘፈን እንደተዘፈነ የመጋዘኑ ባለቤት መጣ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፤ የፊት ወንበር ላይ ከወረዳው ሹማምንት መሀል ተቀመጠ። ሰባቱም ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ይህን በዓይኔ አየሁት።

"ሃያ ሦስት" ሲጀመር ሰውዬው ፊቱን አኮሳተረ። መሀሉ ላይ ጎኑ ወዳለው ሰው ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ ያ ሰው ብድግ ብሎ በጥድፊያ ወጣ። ፖሊስ ሊጠራ ነው አልኩ፣ ጄኔሬተሩን ሊያስጠፋ ነው፣ ልጅቷን በእናቷ ፊት ከመድረክ ሊያስወርዳት ነው። ሊሙና ጌራ ይከለከላሉ አልኩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት የዘፈኑ አንድ ቤት ሳያልቅ ነው። ከበሮው ዝም አለ። ጊታሩ ዝም አለ። ሰአዳ ዓይኗን እናቷ ላይ ተክላ የመጀመሪያውን ስም ለመጥራት ትንፋሽ ስትወስድ ማይኩን ጥቂት ቀነስኩ፣ ኪቦርዱን ከፍ አደረግኩ፣ ኢኮውን ጨመርኩ።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ አሳምሬ ደርቤ አላውቅም። መድረኩ ላይ ወደ እሷ የዞረውን ትንሹን ስፒከር አልነካሁትም፤ ስለዚህ የራሷን ድምፅ ጥርት አድርጋ ትሰማለች፣ ምንም አልጠረጠረችም። ሜዳው ላይ ግን የሚሰማው ኪቦርዱና ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ያለ የሴት ድምፅ ነው። ጆሮዬ ላይ ባለው ማዳመጫ ሰባቱንም ስሞች አንድ በአንድ ሰማሁ። ሰባተኛው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ደግማ ጠራችው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የወይዘሮ ከዲጃን ስም የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እሳቸው መዳፋቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው ወደፊት ዘንበል ብለው ነበር። ጎናቸው ያለችውን ሴት አንድ ነገር ጠየቋት፤ ሴትዮዋ ትከሻዋን ነቀነቀች። እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። መመለስ እችል ነበር። አልመለስኩም።

ያ የወጣው ሰው ተመለሰ። ውሃ ነበር የያዘው። የመጋዘኑ ባለቤት ከኪሱ ክኒን አውጥቶ ዋጠበት።

ዝግጅቱ ሲያበቃ ትልልቆቹን ስፒከሮች ዘጋሁ። ሰአዳ የእጅ ማይኩን እንደያዘች ወደ እናቷ ሮጠች፤ ማይኩ ገና ክፍት ነው። ስለዚህ የተባባሉትን ሁሉ በማዳመጫዬ ሰማሁት። ማውለቅ ይገባኝ ነበር።

"ስሜን ትጠሪያለሽ ብለሽኝ ነበር" አሉ እናትየው።

"ጠራሁት እኮ ሃርሜ። ሁለቴ ጠራሁት።"

"አልሰማሁም። እነሱም አልሰሙም፤ ጠይቂያቸው።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እሱ ሲመጣ ፈራሽ አይደል? አልፈርድብሽም። እኔም ሃያ ስድስት ዓመት ፈርቼዋለሁ" አሏት።

ወደ ጠረጴዛዬ ስትመጣ እንደዚያ ተማሪ ሳለች ሰዉን አቋርጣ ነው የመጣችው። ማይኩ ተበላሽቶ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ማለት ይቻል ነበር። ኬብሉ ነው ብል ታምነኝ ነበር፣ እናቷም ያምኑ ነበር፤ ሁላችንም በሰላም እንለያይ ነበር። እኔ ግን ሁልጊዜ የምፈራው ቦታ ላይ ሳይሆን በማይጠቅመው ቦታ ነው ድፍረት የሚመጣልኝ። ያደረግኩትን ነገርኳት።

"ማን አዘዘዎት?" አለች።

"ማንም።"

"እነዚያ ፊት ያሉት ምን አሉዎት?"

"ምንም አላሉኝም። ለአንቺ ፈርቼ ነው።"

ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ሰው አዞዎት ቢሆን ከሰውዬው ጋር እጣላ ነበር" አለችኝ። "ለዚህ ነው የተዘጋጀሁት። አሁን ከማን ጋር ልጣላ?"

ማይኩን አጥፍታ በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ዕቃ አክባሪ ልጅ ናት። እኔ በዚያው በመጨረሻው አውቶቡስ ጅማ ገባሁ። ሊሙና ጌራ ቀሩ። ፖስተሩ ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ መንገድ ዳር አጥር ላይ ዝናብ እስኪያወርደው ድረስ ተለጥፎ ቆየ፤ በዚያ ማለፍ ትቼ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ቀድሞው አሳታሚዋ ተመለሰች ሲባል ሰማሁ። አሁን የሠርግ ዘፈን ታወጣለች፤ ስሟም እንደገና አጥሯል። በእኔ ምክንያት ነው አልልም፤ አይደለምም ማለት አልችልም። "ሃያ ሦስት"ን ዳግመኛ አልዘፈነችውም።

ከዚያ በኋላ የማስታውሳቸው ሰዎች እየበዙ መጡ። በምረቃ ቀን ስለ መኝታ ቤታቸው ችግር ሊናገር የጀመረ ተማሪ ነበር፤ ማይኩን አቆራርጬ የተበላሸ አስመሰልኩት። በስንብቷ ቀን ምስጋናዋን ጨርሳ ወደ ቅሬታዋ የገባች አስተማሪ ነበረች፤ ሙዚቃ ለቀቅኩባት። ስለ መሬታቸው የተናገሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንዳቸውም ደርብልን አላሉኝም። እነዚያ ሰዎች ቤታቸው ሲገቡ ተናገርን ብለው ነው የገቡት። ሰው ሰምቶ ዝም ያላቸው ይመስላቸው ይሆናል። ስንቶቹ እንደሆኑ አላውቅም፤ በእኔ እጅ ስለጠፉ እኔም አልሰማኋቸውም።

ዕቃ ባስረከብኩበት ቀን በቦታዬ የተተካው ባለሙያ ከድምፅ ማቀላቀያው፣ ከሚክሰሩ፣ የወጣ አንድ ትንሽ የቅጂ ካርድ አነሳና ምን እንዳለበት ጠየቀኝ፤ ሊያጠፋው ነው። የአጋሮው ነበር። አዲሱ ሚክሰር እያንዳንዱን ማይክ ለብቻው ይቀዳል፤ የሚቀዳውም ድምፁ እኔ እጅ ከመድረሱ በፊት ነው። እኔ ሜዳው ላይ የደረብኩት ጋቢ ካርዱ ውስጥ የለም። ከመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ሳልጠይቅ የወሰድኩት እሱን ብቻ ነው።

ካርዱን ይዤ ለመሄድ ግን ወራት ፈጀብኝ። ሰበብ አላጣሁም፤ አንዴ ዝናብ፣ አንዴ ጉልበቴ፣ አንዴ የዘመድ ሠርግ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተነሳሁና አጋሮ ሄድኩ። በመጋዘኑ በር በኩል አለፍኩ። አግዳሚዎቹ ተነስተው ውጭ ተከምረዋል፤ አሁን ፍሬውን የሚለየው ማሽን ነው፣ ቀለሙን በመብራት እያየ። ዘበኛው የሴቶቹን ነገር ስጠይቀው ሁለቱ ሞተዋል፣ ሌሎቹ ወደ ገጠር ወደየልጆቻቸው ሄደዋል አለኝ። ከዚያ አግዳሚ ከተማው ውስጥ የቀሩት ወይዘሮ ከዲጃ ብቻ ናቸው።

ቤታቸው ከመስጊዱ ጀርባ ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ወንበር አቀረቡልኝ። ለካ ሰአዳ ሁሉንም ነግራቸዋለች፤ እሳቸው ግን አላመኗትም። "ሰበብ ነው ብዬ ነው የተቆጣኋት" አሉኝ። "መፍራትሽ ሳያንስ በሽማግሌ ታሳብቢያለሽ አልኳት። አሁን ትደውላለች፣ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፣ እንዘጋዋለን።"

ካርዱን የከተትኩበትን ትንሽ ማጫወቻ አወጣሁ። ማዳመጫውን ሻሻቸው ላይ አድርጌ ዘፈኑን ከመጨረሻው ቤት ከፈትኩላቸው። በየስሙ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ እያንዳንዷን ሴት ደግመው ይጠሯታል። ሰባተኛው ላይ ከንፈራቸው ቆመ። ሁለተኛውን ጥሪ እስኪሰሙ ዓይናቸውን አልከደኑም። ሲያልቅ "ወላሂ፣ እውነቷን ነበር" አሉ።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እንደውልላትና ሰማሁሽ ይበሏት ብዬ ለመንኳቸው፤ ስልኬንም አውጥቼ ነበር። ወደ ስልኩ ዞረው አላዩም። ቅጂውን ልተውልዎ፣ በፈለጉ ጊዜ ይስሙት አልኳቸው።

"ምን ያደርግልኛል?" አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም። "እሷ የጠራችው ለእኔ ብላ መሰለዎት? እነዚያ ሴቶች በሕይወት ሳሉ፣ ያ ሰውዬ ተቀምጦ ሳለ፣ አገር ይስማው ብላ ነው የጠራችው። ስሜንማ ብቻዬንም አውቀዋለሁ።"

ማዳመጫውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና መለሱልኝ።